ወፍጮው ቆሞ ጊታሩ የቀጠለ ዕለት

ጂንካ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለሔርሜላ፣
ናይሮቢ

የእኔና የእናትሽ ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን፤ እናትሽ ብቻ ጉልበቷን ያማታል። ወሬውን ከሌላ ሰው ሳትሰሚ እኔው ልንገርሽ፦ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቴ ላይ ጣጣ መጥቷል፤ ሰበቡም ያንቺ ሙዚቃ ነው። እንዳትደነግጪ፤ ይቅርታም እንዳትጠይቂኝ።

በቴሌግራም የላክሽውን የመድረክ ቅጂ እቤት ልሰማው አልቻልኩም፤ እናትሽ ታለቅሳለች፣ ጎረቤትም ጆሮ አለው። በፍላሽ አስገልብጬ ወፍጮ ቤቴ ወሰድኩት። ሞተሩ ሲጮህ እንኳን ዘፈን መድፍም አይሰማም ብዬ ስፒከሩን ጆሮዬ ሥር አድርጌ እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሰው በቆሎውን ይዞ ተሰልፏል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አልወደድኩትም። ፖስት ፐንክ ያልሽው ነገር እህል ያለቀበት ወፍጮ ነው የሚመስለው፤ ጊታሩ ይፋጫል፣ ከበሮው ይጣደፋል፣ አንቺም መዝፈኑን ትተሽ እንደተቆጣ ሰው ትጮኺያለሽ። በኋላ ያንቺ ቤዝ ጊታር ከሥር ገብቶ ሁሉንም ያዘው። ማይኩ እየተቆራረጠ ሲያስቸግርሽ ደግሞ ያ ሁሉ የናይሮቢ ሰው እያፏጨ አንቺ በአማርኛ "ማነው የነካካው?" ብለሽ ጮኽሽ። ብቻዬን ሳቅኩ። የኔው ቁጣ ነው እኮ!

ይሄኔ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ቀጥ አለ፤ ስፒከሩ ግን ባትሪ አለው። ተደናብሬ እስክዘጋው ድረስ ድምፅሽ ሰፈሩን ሞላው። ከሰልፉ መሃል አብሮኝ ሽማግሌ የሆነው ሻንቆ የበቆሎ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ቆሞ ያየኛል።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ጠሩኝ። ዓለማዊ ዘፈን ሰምተህ ለሰውም አሰምተሃል አሉኝ። እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ ንስሐ ከገባሁ ያልፋል፤ አለዚያ እወርዳለሁ። ሃያ አንድ ዓመት ያገለገልኩበት ነው፣ አያሳሳኝም አልልሽም። እናትሽ አንድ ቃል ተናግረህ ተገላገል ብላ ለመነችኝ። ሻንቆም ወፍጮ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ዘፋኟ ማን እንደሆነች አላውቅም በልና ይለፍልህ አለኝ። ደሜ ፈላ። የገዛ ልጄን ድምፅ አላውቀውም ልበል?

ትናንት ስሜ ሲጠራ ቆምኩ።

"ልጄን በመስማቴ ንስሐ አልገባም" አልኩ። "የምገባው በሌላ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ሠርግ ላይ ጊታር መታች ተብላ ጉዳይዋ ለሽማግሌዎች ሲቀርብ፣ ከመዘምራን ትውጣ ብዬ መጀመሪያ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እሷን ግን ተከራክሬልሽ ነበር፣ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ እያልኩ እስከ ዛሬ ዋሽቻታለሁ።"

አወረዱኝ። እናትሽ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ጥላኝ ቀድማ ቤት ገባች፤ እሷም አታውቅም ነበር። ሻንቆ ዛሬ ወደ ሌላ ወፍጮ ሄዷል፤ ይሂድ። ሽማግሌነቱ ይቅርብኝ እንጂ ያልኩትን አልመልስም።

አንቺ ብታኮርፊኝ መብትሽ ነው፤ እስከ መቼ ብዬ ቀን አልቆርጥልሽም። ጌታ ጣቶችሽን ይባርክ፣ ጉሮሮሽን ይጠብቅ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ።

ያን ሠርግ አጥር ውጭ ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ጥሩ ነበር የመታሽው።

አባትሽ
ተመስገን