ከሙዚየሙ ግድግዳ የወረደው ሸክላ

ኅዳር 6
ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። ከሰዓት እህቴ ቤት። ባሏ ሌላ የወርቅ ሸክላ ሰቅሏል... ሸክላው ብዙ ለተሸጠለት ዘፋኝ ኩባንያው የሚሸልመው፣ ወርቅ ተቀብቶ በመስታወት የታሰረው። ሰውየውን በሆዴ “ሙዚየሙ” ነው የምለው። አንድ ዜማ በወጉ ማፏጨት አይችልም፣ የሰው ሽልማት ሲነካ ግን ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ጓንት! ቀዶ ጥገና ሊያደርግ ነው እንዴ?
የልጆቹ ፎቶ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ኮሪደር ተሰዷል።

ኅዳር 9
ሙዚየሙ ደወለ። “እትዬ፣ ጉድ ላሳይዎት ነው!” ሄጄ ጉዱን አየሁ።
የኛ ሸክላ ነው። የኛ ማለቴ... ተቀባይ ሆኜ፣ ከዘፋኟ ጀርባ ቆሜ አዝማቹን የዘፈንኩበት። ሰው ሁሉ የሚያንጎራጉረው ደግሞ አዝማቹን ነው። ያኔ እሷ ተሸለመች፣ ሥራ አስኪያጁ ተሸለመ። እኔ አጨበጨብኩ።
“እርስዎ ያኔ ነበሩ አይደል?” አለኝ። ነበርኩ አልኩት። “ታዲያ ዘፋኟን በቅርብ ያውቋታል ማለት ነው!”
ድንጋይ ራስ።
እፈልገዋለሁ። ለራሴ ስጽፍ ምን አስዋሸኝ? ያንን ቆርቆሮ እፈልገዋለሁ።

ኅዳር 15
ሙዚየሙ መሰሎቹን ጋበዘ። ሁሉም ሰብሳቢ። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፣ አጉሊ መነጽር በኪሱ ይዞ የሚዞር። የኛ ሸክላ መስታወት ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ቆየና “ይሄ ፎርጅድ ነው” አለ። መሃሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አምስት ዘፈን ይላል። ሸክላው ላይ ግን ከዘፈን ዘፈን በሚለየው ክፍተት ሲቆጠር ሦስት ዘፈን ብቻ። ተራ በተራ እየተጎነበሱ ቆጠሩ። ሦስት። የሙዚየሙ ፊት ዐመድ መሰለ።
ወይ ሊቃውንት! ኩባንያው ለሽልማት ደህና ሸክላ መች ያባክን ነበር? የማንንም ያልተሸጠ ሸክላ ከመጋዘን አንስተው ወርቅ ይቀቡታል፣ የተሸላሚውን ወረቀት ይለጥፉበታል። አለቀ። ለመስቀል እንጂ ለመስማት አይደል... እኛ ስንት ጊዜ ስቀንበታል።
ልናገር አፌን ከፈትኩ። ኬክ ጎረስኩበት።

ኅዳር 16
እህቴ ደወለች። “ከዓይኔ አርቁልኝ ብሏል፣ ሊጥለው ነው።”
“ከሚጥለው ለኔ ይስጠኝ” አልኩ፣ እንደ ቀልድ።
ከኋላዋ ሲጮህ ሰማሁት፤ “ይውሰዱት! ምን እንደሚያደርግልዎት እንጃ!”
በታክሲ አመጣሁት፣ እንደ ሕፃን ታቅፌ።

ኅዳር 17
ምስማር መታሁ። ትንሽ ጠሟል፣ ይሁን። ሁለቴ ወለወልኩት... በቀሚሴ ጫፍ። ጓንት ብቻ ነው የቀረኝ። በሙዚየሙ ስስቅ እኔም ባሰብኝ እኮ!

ታኅሣሥ 11
ሙዚየሙ ሳይደውል መጣ። ሻይ አቀረብኩ፣ አልነካውም። አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ ነግሮታል፣ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሠራው፣ ሸክላው እውነተኛ ነው። ሊወስደው መጥቷል።
“እርስዎ ያውቁ ነበር?”
“አዎ።”
“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”
“አልጠየቅከኝማ። የጠየቅከኝ ስለ ዘፋኟ ነው።”
ይህን ሁሉ ዓመት አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው ደሙ ፈልቶ “አንቺ” አለኝ። “ምንሽ ነው? ስምሽ እንኳ የለበትም!”
እውነቱን ነው። የለበትም። አመመኝ... ግን አልተነሳሁም።
“የአንተ ስም ካለበት ውሰደው” አልኩት።
ወደ ሸክላው አየ፣ ወደ እኔ አየ። ኮቱን አንስቶ ወጣ።
ወደ ማታ እህቴ ደወለች። “ምን ብለሽው ነው? ከመጣ ጀምሮ ሳሎን ቆሞ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።”
“ስሙን እየፈለገ ይሆናል” አልኳት።