እናትህ አልተቀየሙህም

ለጌትዬ፣ ለልጄ አባት፤

ከተለየኸኝ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ዛሬ ላንተ ልጻፍልህ። እናትህ ያረፉት ካንተ በፊት ነው፤ ሦስት ወር ቀድመውህ። እኔም አውቅ ነበር።

ወንድምህ ከአገር ቤት ሲደውልልኝ፣ አንተ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገህ ከሆስፒታል በወጣህ በሳምንቱ ነበር። «አሁን እንዳትነግሪው፤ ይጠንክርና ሰው ሰብስበሽ ታስነግሪዋለሽ» አለኝ። መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርምና እሺ አልኩት። ስትጠይቀኝ ፀበል ገብተዋል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አልኩህ። ስትጠነክር ደግሞ ፊትህ ላይ የተመለሰውን ወዝ አይቼ ሳሳሁ። አንድም ሰው አልሰበሰብኩም። ወንድምህ እስከ ዛሬ የነገርኩህ ይመስለዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልክህን ይዘህ ሶፋው ላይ ተቀምጠህ፣ «እማዬ ተቀይማኛለች። ስምንት ዓመት ሙሉ መጣሁ እያልኩ ስለቀረሁባት ድምፄን ጠላችው» አልከኝ። ድስት እያጠብኩ ነበር። ዞር እንኳ ሳልል «እናት አይደሉ፣ ይተዉታል» አልኩህ። በሳምንቱ ልብህ ቆመ።

መኪናህን አሁን ሳሮን ትነዳዋለች። መስታወቱን ካንተ ቁመት ወደ ራሷ ለማውረድ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች፤ ሳይኮሎጂ መርጣ ትማራለች። መጽሐፉን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ትታው ስትሄድ፣ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ከሥሩ እቀመጣለሁ። «ማሚ፣ ፈተናውንም አንቺ ውሰጂልኝ» እያለች ትስቅብኛለች፤ ሳቋ ያንተ ነው።

አንድ ገጽ ላይ ግን ጣቴ ቆመ። አጥኚው ለሥራው ሲል ከሰዎች እውነቱን ከደበቀ፣ ጥናቱ ሲያልቅ አስቀምጦ ሊነግራቸው ግዴታ አለበት ይላል። ሰውየው ሳይነገረው ከሄደስ ብዬ ጠየቅኳት። ከስልኳ ቀና ሳትል፣ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች «ሶ፣ ፈልጎ ያገኘዋላ። ኢሜይል ያደርግለታል። ማለቴ፣ እንደዛው መተው አይችልም» አለችኝ።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ። እናትህ አልተቀየሙህም፣ ጌትዬ። ወንድምህ እንደነገረኝ፣ በመጨረሻው ቀን የላክህላቸውን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ «ልጄን የሄደበት ይቅናው ብላለች በሉልኝ» ብለዋል። አደራው ለእኔ ነበር የተሰጠው። አፌ ውስጥ ይዤው ቀበርኩህ። አሁን ዘግይቶም ቢሆን ተቀበለኝ።

ሳሮን ለክፍሏ ስለ ሐዘን ጽሑፍ እያዘጋጀች ነው። አያቷ የልጃቸውን ሞት ሰምተው ከሐዘን ብዛት እንዳረፉ ጽፋለች። ያኔ እንደዚያ ያልኳት እኔ ነኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አመነችኝ። ሰኞ ታስረክበዋለች። አባቷን እንዴት እንደሸኘሁት ስታውቅ ፊቷን ታዞርብኝ ይሆናል። ያላችሁኝ ሁለት ነበራችሁ፤ እሷ ብቻ ቀርታኛለች፤ እፈራለሁ። ነገር ግን በነሐሴ ለኮሌጅ ከቤት ትወጣለች። ዝም ካልኩ እሷንም እንዳንተ ሳይነገራት ልሸኛት ነው።

ያቺን ሶፋ ላይ ያልካትን ቃል በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አልረሳትም። የእናትህን ምርቃትም ከእሷ ጎን አኖረዋለሁ፤ ከእንግዲህ አንዱን ያለ ሌላው አላስታውስም።

እነዚህን ወረቀቶች መጽሐፏ ውስጥ፣ ጣቴ የቆመበት ገጽ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርካት አንተ ነህ፤ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ እያለች ታነባቸዋለች። ባንተ ፈንታ ተቀባይዋ ልጅህ ሳሮን ናት።