ለሽመላ የተገዛ ማሞቂያ

ጥቅምት 6
ለታሪክ ይመዝገብልኝ፦ የላብራቶሪው ወንበር አራተኛ እግር ዛሬ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ተሰናብቷል። ባልደረቦቹ በሐዘን ላይ ናቸው። (ሦስቱ እግሮችና እኔ።)

ሌላው ተራ ወሬ ነው። የፓርኩን ወፎች የሚንከባከቡት እትዬ፣ አንዲት የዱር ዳክዬ በጋዜጣ ጠቅልለው አመጡ።
«ስታስል ስታስል ሞተች። ልክ እንደ ሰው!»
ከፈትኳት። የአየር ቧንቧዋ ውስጥ ጠፍጣፋ ትል... ቅጠል የመሰለ። ስድስት። ለእትዬም አሳየኋቸው። ቀንድ አውጣ በልታ ያገኘችው ነው፤ ኩሬው በቀንድ አውጣ ተሞልቷል። ቅጹ ላይ «የሞት ምክንያት» ከሚለው ፊት ለፊት «ትል» ብዬ ጻፍኩ።

ጥቅምት 7
ኃላፊው ጠሩኝ። ቅጹን እንደ ቆሻሻ መሀረብ በሁለት ጣት ይዘውታል።
«ትል? ኩሬው ይድረቅ ሊባል ነው እኮ! በወሩ መጨረሻ እንግዶች ይመጣሉ። ምን ላሳያቸው? ጭቃ?»
«ጌታዬ፣ ትል ስለሆነ ነው።»
«ስታስል አልነበር? በቃ፣ ብርድ ነው።»
በመስኮት አየሁ። ዘበኛው ከሙቀቱ የተነሳ ሸሚዙን አውልቆ በባርኔጣው ያራግባል...
አዲስ ቅጽ። «ብርድ»። ጻፍ ስላሉኝ ነው። እኔ ምን አገባኝ?

ጥቅምት 13
ሦስት ዳክዬ። ብርድ፣ ብርድ፣ ብርድ። እጄ ለመደው።

ጥቅምት 19
ከበላይ አካል ሁለት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መጣ። «የብርዱን ወረርሽኝ ለመግታት» ይላል ደብዳቤው። ኩሬው ዳር ያለው መጠለያ ውስጥ ተተከለ። እትዬ የግንባራቸውን ላብ እየጠረጉ፣ «አንተ ልጅ፣ ወፎቹን ልትጠብሷቸው ነው?» አሉኝ። ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ።

ጥቅምት 22
ዳኛው ማሳል ጀመረ። ዳኛው ሽመላ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ ሁላችንንም ሲገላምጥ ስድስት ዓመቱ፤ ስሙን ያወጡለት እትዬ ናቸው። ዛሬ ግን አንገቱን ዘርግቶ አየር ይለምናል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል።

ማመልከቻ ይዤ ሮጥኩ። ኩሬው ይድረቅ፣ ለዳኛውም የትል መድኃኒት ይፈቀድ። ኃላፊው መሳቢያቸውን ከፍተው አራት ቅጽ ደረደሩ።
«ይሄ የማን ፊርማ ነው?»
«የኔ።»
«ብርድ ነው ያልከው አንተ። ታዲያ ኩሬው ምን በደለ? ደግሞስ ለብርድ የትል መድኃኒት ይታዘዛል እንዴ?»
ማመልከቻዬን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። 

ጥቅምት 26
ዳኛው ሞተ። ማሞቂያው ሥር።
እትዬ አላለቀሱም። «ያን ዕለት እኮ ትሉን አሳይተኸኝ ነበር» ብቻ አሉኝ።
አሥራ አንድ ትል ቆጠርኩ። ቅጹ ላይ «ትል» ጻፍኩ። አራቱንም የድሮ ቅጾች አስወጥቼ «ብርድ» የሚለውን ሰረዝኩ፤ በየስርዙ ፈረምኩ። ኃላፊው ጮኹ። ይጩኹ። ስርዙ ግን ለዳኛው ምን ይጠቅመዋል?

እርማት፦ በዚህ ማስታወሻ ጥቅምት 7 ቀን «ጻፍ ስላሉኝ ነው» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ኃላፊው ተናገሩ እንጂ ብዕር አልያዙም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያው ቀጥሎ «እኔ ምን አገባኝ?» የሚለውም ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል።