የግራ ጎኑ

ውድ ይታየሽ፣

ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ልንገርሽ። ድምፄ ተዘግቷል። ሄርዝል ጎዳና ያለችው የመድኃኒት ቤት ልጅ «ምን ሆነሽ ነው?» ብትለኝ «ጉንፋን» አልኳት። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ወንበር ላይ ቆሜ ስጮህ ነው ማለት አቃተኝ። ላንቺ ያልደወልኩት ግን ድምፅ አጥቼ አይደለም።

ልጅሽ ኢላን ቦክስ ሲጋጠም አንድ ቀን እንኳ አይተሽ አታውቂም። «ሰው ሲደበደብ ማየት ምኑ ይጥማል?» ትይኝ ነበር። እኔና አንቺ ቀኑን ሙሉ የሰው ቢሮ ስናጸዳ፣ አለቃው ሲቆጣን በዕብራይስጥ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ እሺ እሺ እያልን እንውላለን። እዚያ ግን የተመታ መልሶ ይመታል። ልጅሽ ሲሰነዝር የእኔም ትከሻ አብሮት ይሄዳል፤ ሲያገኘው የዋጥኩት ሁሉ ይወጣልኛል። ጩኸቴ እጁ ውስጥ የገባ ይመስለኛል። የሚጥመው ይሄ ነው።

ባቡር ጣቢያው ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። «የግራ ጎኑ አጥንት ተሰንጥቋል፤ ለአሰልጣኙ እንዳትነግሪብኝ ብሎ አስምሎኛል። ካንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም፣ አደራ።» ሁለት ሳምንት ሙሉ አፌን ያዝኩ፣ እኔ ወሬ የማይቋጠርልኝ ሴትዮ።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ማርሞሬክ ሰፈር ያለው የቦክስ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ዙር ኢላን ተጋጣሚውን ናዳቭን ገመዱ ላይ አስደግፎ ሲያጣድፈው ወንበር ላይ ወጣሁ። አብራኝ የመጣችው ማናለሽ ቀሚሴን ይዛ «ውረጅ እንጂ፣ ዳኛው ቀድሞ የሚያስወጣው አንቺን ነው» ትለኛለች። ሳቅን። ወዲያው ኢላን የግራ ክንዱን ከጎኑ ሲያነሳ አየሁ።

«ኢላኔ፣ የግራ ጎንህን ሸፍን፤ አጥንትህ ስንጥቅ ነው» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ። ስንት ዓመት አውቶቡስ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው በአማርኛ ስናማ ኖረናል፣ ማን ይሰማናል ብለን።

ከናዳቭ በኩል ፎጣ ይዞ የቆመው ቀና ብሎ አየኝ። የእኛው ሰው የአለነ ልጅ፣ አማርኛ የሚሰማው ኮቢ ነው። ኮፍያ ስላጠለቀ አላወቅኩትም ነበር። ደወሉ ሲደወል ወደ ናዳቭ ጆሮ ጎንበስ አለ።

በሦስተኛው ዙር ናዳቭ ከግራ ጎኑ ሌላ ቦታ አልመታም። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ፤ እኔም አብሬ ጮህኩ። የወደቀው ማን እንደሆነ እስክለይ ድረስ፣ ይታየሽ፣ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር።

ኢላን አጥንቱ ሳንባውን ወግቶት ይኸው አምስት ቀኑ በመሣሪያ ይተነፍሳል። አንቺ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጠሽ የመጣውን ሁሉ «ያ ልጅ ጎኑን እንዴት አወቀ? ማን ነገረው?» እያልሽ እንደምትጠይቂ ማናለሽ ነገረችኝ። እሷ ታውቃለች፤ ለእኔ ብላ ዝም አለች።

እኔ ነኝ።

ነገ ጠዋት ይህን ደብዳቤ በእጅሽ እሰጥሻለሁ፤ አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ አልነቃነቅም። ኢላን ዓይኑን ከገለጠ ለእሱም የምነግረው እኔው ነኝ። ቢሰድበኝም ቢረግመኝም፣ ያለኝን አንድ ቃል ሳልጨምር አመጣልሻለሁ። በሕይወቴ ሳልጨምር ያወራሁት የመጀመሪያ ወሬ እሱ ይሆናል።

ደስታዬ