በቢጫው ጄሪካን የነበረው

ውድ አባቴ፣

ከቤቴ ወጥተው በጀልባ ወደ ደልጊ ከተሻገሩ ዛሬ አሥራ ስድስት ቀን ሆነ። እዚያ ላረፉባት ለእኅቴ ለወለተ ኪዳን ስደውልላት፣ ስሙን አታንሺብኝ ብለውኛል አለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ያን ዕለት ጠዋት ከእጅዎ መትቼ የጣልሁት ኩባያ ውስጥ የነበረው ጠበል አልነበረም። መርዝ ነበር። ከክፍልዎ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

በዋዜማው ከጋራዥ የተረፈኝን ኩላንት፣ የመኪና ሞተር የሚያቀዘቅዘውን አረንጓዴ ፈሳሽ፣ በቢጫ ጄሪካን ይዤ መጣሁ። ከገዳሙ ያስመጡት ጠበልም በተመሳሳይ ጄሪካን ሆኖ እዚያው መኪናው ኋላ ነበር። ምንም አልጻፍሁበትም። ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ የያዘ ተማሪ ከላቦራቶሪ አባርሬያለሁ። ጠዋት ወደ ጎንደር ልነሣ ስቸኩል አንዱን አንሥቼ ከአልጋዎ አጠገብ አኖርሁት።

ሐሙሲት ልደርስ ስል የኩላንት ማነስ መብራት በራ። ከአንድ ሻይ ቤት ፊት አቆምሁ። የጋለ ሞተር ክዳኑ አይከፈትም፤ ፊት ያቃጥላል። እስኪበርድ ድረስ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ካለ ብዬ አየሁ፣ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስሁ። የአንዱ ማሰሪያ ላልቶ ነበር። ጋራዡን እየተራገምሁ አጠበቅሁት። ከዚያ የጎደለውን ልሞላ ጄሪካኑን ስከፍት ንጹሕ ውሃ ነው። አሸተትሁት። በጣቴ ነካሁት። ኩላንቱ ከአልጋዎ አጠገብ ነው ማለት ነው።

ኩላንት ጣፋጭ ነው፣ አባዬ። የጠጣው ሰው ኩላሊቱ እስኪታመም ድረስ አያውቀውም። ዓይንዎ ደግሞ ቀለም አይለይም። በቤቱ ከእርስዎ በቀር ሰው የለም፤ ስልክዎም ዝግ ነበር፤ ዳዊት ሲደግሙ ይዘጉታል። ጎረቤት ልደውል ብል፣ በሹም አቦ ሰፈር አሥር ዓመት ስኖር የአንዱንም ቁጥር አልያዝሁም። በአጥርም በውሃ መውረጃም እየተጣላሁ ሁሉንም አስቀይሜያለሁ።

የሻይ ቤቷ ሴትዮ ቆሜ ስታየኝ፣ "ጋሼ፣ ውሃ ይዘው ምን ይጠብቃሉ? ይሙሉና ይሂዱ እንጂ" አለችኝ። ጠበል ነው አላልኋትም። ጠበልዎን ሞተር ውስጥ ጨመርሁት። ይህንንም ይወቁት።

ወደ ቤት የተመለስሁበት መንገድ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ስንት መዝሙር እንደቀረዎት በልቤ መቁጠሬ ነው። የዕለቱን ዳዊት ሳይጨርሱ ጠበል አይቀምሱም። በጎረምሳነቴ የሳቅሁበትን ይህን ሥርዓትዎን፣ ዛሬስ አያፍርሱት እያልሁ ነዳሁ።

በሩን ስገፋ ኩባያው ከከንፈርዎ ደርሶ ነበር። መታሁት። ጠጥተው እንደሆነ በጩኸት ጠየቅሁዎ፤ ገና ነኝ አሉኝ። ከዚያ የረጠበውን ወለል በእጅዎ ዳሰሱና ቀስ ብለው፣ "ልጄ፣ በጠበል ላይ እጅህን ታነሣለህ?" አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አባቱን ሊገድል ነበር ከምባል ጠበል ደፋ መባልን መረጥሁ። ጄሪካኑን ይዤ ወጣሁ። ስመለስ ጓዝዎን አሥረዋል።

አሁንም ሰው ኩባያ ሲያነሣ ባየሁ ቁጥር ውስጡን ሳላይ አላልፍም። ከዚያ በላይ የምፈራው ግን ሌላ ነው፤ ዕድሜዎ ገፍቷል፣ እንደተቀየሙኝ እንዳይሄዱ።

በሚቀጥለው ጀልባ እመጣለሁ። በሰው ፊት ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝም። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ልጅዎ
አምሐ