የምድጃው አመድ ለምን በዛ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5
ጠዋት ምድጃው ጠፍቶ አገኘሁት። የበሩ መስታወት ጠቁሯል። ትናንት አይደል እንዴ ያጸዳሁት? እሳቱ የሚነድባት የብረት ጎድጓዳ እስከ አፏ አመድ... ባሌ ኦታቪዮ ካፖርቱን ለብሶ ቁጭ ብሏል። «በረደኝ» አለ። ትንሽ ታገስ አልኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7
ጥፋቱ የፔሌቱ ይሆን? ያ እንደ ፍየል በጠጥ የተድቦለቦለ የእንጨት ብናኝ እርጥበት አይወድም። ጆንያዎቹን ከምድር ቤት ጎትቼ አወጣሁ፤ ወገቤ ተቆረጠ። አዲስ ጆንያ ከፈትኩ፣ ያው ነው።

ልጄ ሎሬዳና ደወለች። «እማዬ፣ አባዬን በዚያ ብርድ ክረምቱን ልታሳልፊው ነው? በአረጋውያን መጦሪያ ቦታ ተገኝቷል እኮ።» ምድጃው ደህና ነው አልኳት። ዋሸሁ። እዚያ የገባ ማን ተመልሶ ያውቃል?

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11
ምድጃ ሠሪው ኤልቪዮ መጣ። የጭስ መውጫውን ጠረገ። ከዚያ ከጎድጓዳዋ ድንጋይ የመሰለ ነገር ፈንቅሎ አወጣ።

«እትዬ ኒቬስ፣ በቆሎ ይጨምሩበታል እንዴ?»

«እኔ? ምን ነካህ?»

«አይቆጡ። እዚህ መንደር ግማሹ ሰው ፔሌት ለመቆጠብ ይጨምራል። በቆሎ ሲቃጠል ይጋገርና ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። አየር ያጣ እሳት ደግሞ አመድ ነው ትርፉ።»

ማልኩለት። አላመነኝም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12
አየሁት... ኦታቪዮ ነው። ፔሌት የሚጨመርበትን የምድጃውን የላይ ክዳን ከፍቶ በሳህን በቆሎ ያፈሳል። ቀስ ብሎ፣ እንዳይበተንበት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዶሮዎቹን እያበላሁ ነዋ። አንቺ እንደሆነ ረስተሻቸዋል።»

ዶሮዎቹን ከሸጥን ሦስት ዓመት ሆነን። አእምሮው መክዳት እንደጀመረ አውቅ ነበር፤ እዚህ መድረሱን ግን... «ጠግበዋል፣ ና» አልኩት። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15
ከዶሮዎቹ የተረፈውን በቆሎ ለጎረቤት ሰጠሁ። ለሎሬዳና አልነገርኳትም።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20
ዛሬ ደግሞ ሩዝ። ክዳኑን በሽቦ አሰርኩት።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28
ሽቦውን ፈታው። ዳቦውን ከነላስቲኩ ከቶታል። ከገበያ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ እሱ መሀል ቆሞ ያስላል። እጁን ስጎትተው አልሄድም አለኝ። «እነሱ ሳይወጡ?» እንደምንም አቅፌ አወጣሁት። ትንሽ ብቆይ ኖሮ...

ለሎሬዳና ራሴ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። «አንቺ ምን ታደርጊ፣ እማዬ» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 6
ወደ መጦሪያው ወሰድነው። ክፍሉ ይሞቃል፣ ሾርባቸውም መጥፎ አይደለም። ልወጣ ስል ክንዴን ያዘኝ። «ማታ የዶሮዎቹን በር መዝጋት እንዳትረሺ። ቀበሮ አለ።» እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበል?

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 12
መጥረጊያዬንና ባልዲዬን ይዤ ምድጃውን ከፈትኩ። አመዱ ሁለት ማንኪያ ቢሞላ ነው። መስታወቱ ጥርት ብሏል፣ እሳቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አድሯል። ባልዲውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምነው ምድጃውን በአመድ ሞልቶ ባገኘሁት አልኩ።