ለዶሮዎቹ የመረጥኩት መኖ

ሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 1966

መረጥኩ። ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ነጋዴው አቶ ይማም ከደሴ ሁለት ጆንያ መኖ ይዘው ገቡ። እስከ አቀስታ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በበቅሎ። አንዱ የእኔ ነው፤ ሌላውን ያዘዙት የአውራጃው ገዢ ባለቤት ናቸው። "አንቺ አስቀድመሽ ምረጪ፤ የእሳቸው ዶሮ ለጌጥ ነው" አሉኝ። ለእኔ ብለው አይደለም፣ ለልጆቹ ብለው ነው።

ልጆቹ ሰባት ናቸው። ከክሊኒኩ ጀርባ ዳስ ውስጥ ተኝተዋል። ሁሉም ከቆላ የመጡ። ቂጣም ገንፎም ሆዳቸው አይዝላቸውም። የዱቄት ወተቱ ካለቀ ሰንብቷል። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ አስታማሚው ካሣ፣ የተቀቀለ እንቁላል በማንኪያ ደፍጥጦ በውኃ እያቀጠነ ሲሰጣቸው ግን ይይዙታል። ዘጠኝ የፈረንጅ ዶሮዎች አሉኝ። ደህና በበሉ ጊዜ በቀን ስድስት ሰባት እንቁላል ይጥሉልኝ ነበር። አሁን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ምንም። ገብስ ልበትንላቸው? ሰው አጥሩ ላይ ቆሞ እያየ?

ስለዚህ ለሰው የማይሆን፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መኖ አዘዝኩ። የግብርናው ሰው ዶሮዎቹን ሲሰጠኝ የጻፈልኝ ወረቀት ደብተሬ ውስጥ አለ፦

— የጫጩት መኖ ለእንቁላል ጣይ አይሆንም። ኖራ ያንሰዋል፤ ቅርፊቱ ይሳሳል።
— ፉርሽካ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ እንቁላል አያስጥልም። የኑግ ፋጉሎና የአጥንት ዱቄት ይኑርበት።
— ጨብጠሽ ልቀቂው። ካልተበተነ እርጥበት አለው።
— አሽትቺው። የሻገተ ከሸተተሽ በነጻም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

አንደኛው ጆንያ ትንሽ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም። ፋጉሎ ፋጉሎ ይሸታል። ሁለተኛው ትልቅ ነው፤ "የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ" የሚል ማኅተም አለበት። ከላይ ዘግኜ ጨበጥኩት፤ ተበተነ። የበቆሎ ክክም አየሁበት። አንድ ነገር ብቻ፣ አፉ የተሰፋበት ክር የጎኑን ክር አይመስልም። አይቼዋለሁ። አልጠየቅሁም። ትልቁን ወሰድኩ።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጆንያውን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሚውሉት በረሃብተኛው መሃል ነው። "ሰው ደጀ ሰላም ወድቆ ለዶሮ ጆንያ ይጫናል?" አሉ።

"ለልጆቹ እኮ ነው አባባ።"

"አውቃለሁ ልጄ። እያወቅሁም ከበደኝ።"

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ሦስት እንቁላል! በሻሽ ጠቅልዬ ሮጬ ወሰድኳቸው። ካሣ ለሰባት ከፈላቸው። እንዴት እንደከፈላቸው እሱ ነው የሚያውቀው።

ትምህርት ቤቱ እንደተዘጋ ነው። እኛ መምህራንም አድማ ላይ ነን ይባላል። እዚህ መካነ ሰላም ግን አድማው ቤት መቀመጥ ነው። ሬዲዮው ስለ ወታደሮቹና ስለ አዲሱ ካቢኔ ያወራል። ስለ እኛ አገር ረሃብ ዛሬም አንድ ቃል አልሰማሁም። ምናልባት ሳልሰማ አልፎኝ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ መኖ ስበትን አንዲት ሴት አጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ከሚያድሩት አንዷ ናት። ልጇ ቀሚሷን ይዛ ቆማለች፤ አምስት ወይ ስድስት ዓመት ይሆናታል። ክሊኒኩ ሞልቷል ተብለው ተመልሰዋል።

"እትዬ፣ ይሄ ለሰው አይሆንም?"

"አይሆንም፤ የዶሮ ነው።"

"በቆሎ አለበት።"

"አለበት። ግን አጥንትና ኖራ ተፈጭቶ ገብቶበታል። ሆድ ያሳምማል።"

ዶሮዎቹ ሲለቅሙ ቆማ አየች። ከዚያ "ዶሮዎቹ ያንቺ ናቸው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "እግዜር ይባርክልሽ" አለች። ለሽሙጥ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። የምሳዬን ግማሽ ቂጣ ሰጠኋት። ግማሽ! ለምን ሙሉውን እንዳልሰጠኋት እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 4

ከጆንያው ሩብ ያህሉ ሲጎድል እጄን ወደ ታች ብሰደው ሞቀኝ። መኖ ይሞቃል? ዘርግፌ ሳየው ከሥር ያለው ጓል ጓል ሆኗል። አረንጓዴ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከላይ ደኅናው፣ ከሥር የበሰበሰው። ማኅተም ያለበትን ጆንያ ከፍተው፣ የራሳቸውን ሞልተው፣ መልሰው ሰፍተውታል።

ሁለቱ ዶሮዎች ክንፋቸውን ጥለው ቆመዋል። ኩሳቸው አረንጓዴ ውኃ ነው። ጠዋት የሰጠኋቸው ከላይ ካለው ከደኅናው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እዚያም ተደባልቋል።

አቶ ይማም ዘንድ ሄድኩ። ከጓሉ አንዱን አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "ወላሂ አልከፈትኩትም ሙሉዬ። ደሴ ተሰፍቶ ነው ያስረከቡኝ።" አመንኳቸው። "እርስዎ ክሩን አላዩም ወይ ብትይኝ ግን አላየሁም። አንቺስ?" አሉኝ። ጓሉን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወደ ገዢው ቤት። ትንሹ ጆንያ እዚያ ነው፤ ያልተጻፈበት። ዘግኜ እስከ ክንዴ ገባሁበት፤ እስከ ታች ደረቅና ጤነኛ። ወይዘሮዋ ሻንጣ እያሳሰሩ ነበር። "ሰውየው እዚህ ይቆዩ አይቆዩ አናውቅም፤ ዶሮ ማን ያስባል አሁን" አሉና አንድ ቁና አስሰፈሩልኝ። ሙሉውን እለምናለሁ ብዬ ሄጄ አንድ ቁና ተሸክሜ እያመሰገንኩ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 5

አምስት ሞቱ። አንዷ እጄ ላይ። አራት ቀሩኝ።

እንቁላል የለም። ካሣ በር ላይ ሲያየኝ እጄን አየና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ከሰባቱ አንዱ ትናንት ሞቷል፤ በመኖው አይደለም፣ በእንቁላሉም አይደለም፣ ዝም ብሎ ሞተ። ቦታው ወዲያው በሌላ ልጅ ተሞላ።

የተበላሸውን መኖ ምን ላድርገው? ላቃጥለው ብል እርጥብ ነው። ገደል ብጥለው ሰው ይለቅመዋል። አባባን ጠየቅኋቸው፤ ለአቦ በዓል ሊሄዱ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። "ይቀበር። ግን ዛሬ ታላቅ በዓል ነው፤ አፈር አይነካም። ነገ ጎረምሳ ጠርቼ ጠልቆ ይቆፈራል።"

ነገ እስኪደርስ ማን ይጠብቀዋል? አጥሩ ጋ ሰው አይጠፋም። እሳቸው እንደወጡ ዶማ አነሳሁ። መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዝናብ ደህና አላየም። እስከ ጉልበቴ እንኳ አልቆፈርኩም። ጎረቤት በበዓል ቀን ስቆፍር እንዳያየኝ ቸኮልኩ። መኖውን ገለበጥኩ፤ የሞቱትን ዶሮዎች ከላዩ ደረደርኩ። ጥንብ ያለበትን ማንም አይነካውም ብዬ ነው። አፈር መለስኩበት፣ ድንጋይም ጫንኩ።

እጄ ውኃ ቋጥሯል። አባባ አይተው ገባቸው።

ዓርብ፣ መጋቢት 6

ጉድጓዱ ተከፍቷል።

ድንጋዮቹ ወደ ጎን ተነስተዋል። አምስቱ ዶሮዎች በተርታ ተኝተዋል፤ ከላያቸው ቅጠል ጣል ተደርጎባቸዋል። አንዱም አልተነካ። ጾም ነዋ! መኖው ግን በእጅ ተጭሯል፤ ግማሽ ያህሉ የለም።

ማን እንደሆነች ወዲያው አወቅሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድረስ በሩጫ ሄድኩ። ግንቡ ሥር በጣሳ እየቀቀለች ነበር። ልጇ በትንሽ እንጨት እየጠነቆለች ትበላለች።

"ነግሬሽ አልነበረም? መርዝ ነው! ዶሮዎቹ ሞቱ እኮ!"

ቀና ብላ አየችኝ። አልደነገጠችም። "እኔ ትናንት ማታ በላሁት። ጠዋት ስነቃ አልሞትኩም። ከዚያ ነው ለእሷ የጣድኩት" አለች።

ጣሳውን በእግሬ መታሁት። እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም። አፈር ላይ ተደፋ። ጎንበስ ብላ ከአፈሩ መልቀም ጀመረች፤ አልተቆጣችኝም፣ ቀና ብላም አላየችኝ። እጇን ያዝኳት። በጣም ቀላል ነበር፤ የሰው እጅ አይመስልም።

"እሺ፣ ተነሺ። ቤት እንሂድ። ገብስ አለ፤ እኔ እሰጥሻለሁ።"

"ትናንት ብትይኝ" አለች። እንደ ወቀሳ አላለችውም።

መነሳት አቃታት። ልጅቷን አዝዬ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ እናቲቱን አባባና አንድ ዲያቆን ደግፈው አመጧት። ካሣ ቦታ የለኝም አላለም። ዳሱ መግቢያ ላይ ጆንያ አነጠፈላቸው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 7

ልጅቷ ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ጠዋት ቆመ። ካሣ ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጦ በማንኪያ ይሰጣታል።

እናቲቱ ግን ዓይኗ ቢጫ ሆኗል። ሆዷን ይዛ ትተኛለች። "መኖው ነው?" ብዬ ጠየቅሁት ካሣን። "መኖው ይሁን፣ ረሃቡ ይሁን፣ ሁለቱም ይሁኑ፣ እኔ በምን ልወቀው? ሐኪም አይደለሁም እኮ" አለኝ። ደክሞታል። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከቀሩት አራት ዶሮዎች አንዷ ጣለች። ቁናውን መኖ ነው የበሉት። እንቁላሉን ቀቅዬ ለልጅቷ ወሰድኩላት። እናቲቱ ስታይ እጇን ዘረጋችና የልጇን አፍ ሸፈነች። "ሁዳዴ ነው" አለች።

አባባ አጠገቧ ተቀመጡ። መሬት ላይ፣ በነጭ ነጠላቸው። "ስንት ዓመቷ ነው?"

"ስድስት፣ አባ።"

"ሰባት ያልሞላት ልጅ ጾም የለባትም። አንቺም ታማሚ ነሽ፤ የለብሽም። ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን። ብሉ።"

እጇን አነሳች። ልጅቷ ግማሹን በላች፤ ያዘላት። ግማሹን ለእናቲቱ ሰጠናት፤ ከንፈሯ ላይ አድርጋው መልሳ ለልጇ ሰጠች።

አባባ ወደ ቤት ስንመለስ ከራሳቸው ቀለብ ገብስ አውጥተው እንዳስፈጭ ሰጡኝ፤ ለደጀ ሰላሙ ሰው። ለስንት ሰው ይበቃል? አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ፣ መጋቢት 8

ከቅዳሴ በፊት ሞተች። ስደርስ ፊቷን ሸፍነውታል።

ለፍትሐት የክርስትና ስሟ ያስፈልግ ነበር። ቄሱ አባባን ጠየቁ፣ አባባ እኔን። አላውቅም አልኩ። አምስት ቀን አውቃታለሁ፤ አውርቻታለሁ፣ መክሬያታለሁ፣ ጮኬባታለሁ፣ ጣሳዋን ደፍቻለሁ። ስሟን አልጠየቅኋትም። ካሣ መዝገብ ላይ "ሴት፣ ከቆላ" ብሎ ነው የጻፈው። ከደጃፉ የሚያድሩትን ጠየቅን፤ አብረዋት ከአገሯ የወጡት መንገድ ላይ አልቀዋል።

ልጅቷን ጠየቅኋት። "እናትሽ ማን ትባላለች?"

"እማ።"

"ሰው ሲጠራትስ?"

አሰበች። በጣም አሰበች፤ ልትረዳኝ እንደፈለገች ያስታውቃል። "እማ" አለች እንደገና።

ወለተ ማርያም ብለው ፈቷት።

ዛሬ የተቀበሩት አራት ናቸው። አቶ ይማም ከዳር ቆመው ነበር። ሲያልቅ አፈር የነካ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው ዱዓ አደረጉ።

ልጅቷን ወደ ቤት አመጣኋት። እናምጣት ያሉት አባባ ናቸው፤ እኔ ለመናገር ፈርቼ ነበር። ስሟ አለሚቱ ነው። ከክሊኒኩ እንደወጣን የጠየቅኋት እሱን ነው፤ ገና መንገድ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ ሳለች። አሁን መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ እግሯ ላይ አርፏል። ትኩሳቷ ወርዷል። እኔ ግን እየተነሳሁ እጄን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ካሣ እስከ ማክሰኞ ከዘለቀች ትተርፋለች ብሏል።

ቅድም ነቅታ "እማ መቼ ትመጣለች?" አለችኝ። ውኃ ሰጠኋት፤ ጠጣች፤ አላስመለሳትም።